መንጃ ፈቃዱስ ተሰጠ፤ መንዳቱን ማን ያስተምር?

«አደጋው የደረሰው በአሽከርካሪው የጥንቃቄ ጉድለት ነው።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አለ ወይ? ንጉሡ ሄደው ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄዶ ኢሕአዴግ መጣ፣ እሱም በተራው ብልጽግና ተባለ፤ ይህች ዓረፍተ ነገር ግን አንድ ቀን ከሥልጣን ወርዳ አታውቅም። አውቶቡስ ገደል ይገባል፣ ሟች ይቆጠራል፣ የትራፊክ ኃላፊው ማይክሮፎን ይጨብጡና «ከተወሰነው ፍጥነት በላይ...» ብለው ፋይሉን ይዘጉታል። ሹፌሩ ብዙ ጊዜ ከሟቾቹ አንዱ ስለሆነ አይከራከርም።

እኔ እምለው፣ ይህ «ጥንቃቄ» የሚባለው ነገር ለሹፌሩ መቼና የት ተሰጥቶት ነው የጎደለው? ጠፋ የሚባለው እኮ መጀመሪያ የነበረ ነገር ነው!

ይህን የምለው ዝም ብዬ ለነገር አይደለም። መንዳትን ሁለት ቦታ ተምሬአለሁ፤ አንደኛው ሊማሊሞ ነው፣ ሁለተኛው የስዊድን በረዶ። ሁለቱን አስተያይቼ የደረስኩበትን ነው ለአንባቢ የማቀርበው።

ትውልዴ ዛሪማ ነው። ዛሪማን ለማያውቅ፣ ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ ከደባርቅ ተነሥተው ሊማሊሞን ሲወርዱ ከታች የሚያገኟት ትንሽ የቆላ ከተማ ናት። ደባርቅ ላይ ጋቢ ተከናንበው የተሳፈሩ ሰው ዛሪማ ሲደርሱ የሸሚዝ ቁልፍ መፍታት ይጀምራሉ። መሀሉ ወደ 1500 ሜትር ገደማ ቁልቁለት ነው፤ መንገዱ በገደሉ ደረት ላይ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ የሚወርድ፣ ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ ጊዜ የቀደደው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ በዚያ በኩል ሲመጣ «ሊማሊሞ» የሚለው ስም ከየሬዲዮው አይጠፋም ነበር። ለጦር ጊዜ የታወቀ መንገድ ለሰላም ጊዜ ሲሆን እንዴት ይረሳል?

በልጅነቴ የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ። ረዳት ማለት ዛሬ እንደሚታየው ሒሳብ ተቀባይ ብቻ አልነበረም፤ ታኮ ያዥ ነው። መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም እንደ ዝንጀሮ ዘልለህ ወርደህ ከኋላ ጎማው ሥር ታኮ ትሸጉጣለህ። ሹፌሩን «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ጋሼ ከደባርቅ ወጥተው ቁልቁለቱ ሳይጀምር መኪናውን ያቆማሉ፣ ይወርዳሉ፣ እያንዳንዱን ጎማ በመዶሻ እጀታ ይመታሉ፣ ቸርኬውን በመዳፋቸው ይዳስሳሉ፣ ጭነቱን ያስሩበትን ገመድ ይጎትታሉ። ከዚያ ገብተው ከባድ ማርሽ ያስገቡና ሞተሩ እያጉረመረመ በእግር ከሚሄድ ሰው ጥቂት ፈጠን ብለን እንወርዳለን። ፍሬን የሚነኩት ጥምዝምዙ አፍ ላይ ሲደርሱ ብቻ ነው፣ እሱንም ነካ አድርገው ይለቁታል። «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ፤ ፍሬን ለማቆሚያ ነው እንጂ ለመውረጃ አልተሠራም» ይሉኝ ነበር። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ በዜሮ የሚለቅ ሹፌር ካዩ «ይሄ ዛሪማ ሳይሆን ሰማይ ቤት ነው የሚያድረው» ይላሉ።

ይህ የጋሼ ነገር ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። አንድ አሥር ቶን የሚመዝን መኪና 1500 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከ400 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ሁለት በርሜል ሙሉ! ሞተሩ በከባድ ማርሽ ተይዞ ያንን ሙቀት ካልተካፈለ ሁሉም የሚያርፈው በፍሬን ሸራው ላይ ነው። ሸራው ይግላል፣ መሽተት ይጀምራል፣ ከዚያ ሹፌሩ እስከ ወለሉ ቢረግጠውም አይዝም። በሬዲዮ «ፍሬን እምቢ ብሎት» የሚባለው ይኸው ነው። ፍሬኑ እምቢ ያለው ከላይ ጀምሮ ሲለመን ስለወረደ ነው።

ክረምት ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ መንገዱን ይውጠዋል። ያኔ ረዳቱ ነጭ ጨርቅ ይዞ ከመኪናው ፊት ፊት እየሄደ ጠርዙን ያሳያል። በረዶ ከዘነበ ኮረቱ እንደ ባቄላ ይንከባለላል፤ ጭቃው ላይ ጎማው ይዞራል እንጂ አይሄድም።

ኋላ ስደቱ ወደ ስዊድን ወሰደኝ። እዚያ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ነዋሪ ሆነው ከተመዘገቡ አንድ ዓመት በኋላ ዋጋ የለውም፤ ሊማሊሞን በጭነት መኪና ወርጃለሁ ብሎ መከራከር አይቻልም። እንደ ጀማሪ ከዜሮ ነው። ታዲያ ለመንዳት ፈተና ከመቅረቤ በፊት አንድ ግዴታ እንዳለ ነገሩኝ፤ የማንሸራተቻ ሜዳ ሄጄ መንሸራተት አለብኝ። እንዴ! በገንዘቤ ከፍዬ ልንሸራተት?

ነገሩ እውነት ነው። በስዊድን ይህን ሥልጠና ያልወሰደ ሰው ለመጨረሻው ፈተና አይቀርብም። ኖርዌይም የተንሸራታች መንገድ ሥልጠና ግዴታ ነው፤ በዚያ ላይ በጨለማ መንዳት ምን እንደሚመስል ወስደው ያሳያሉ። ሜዳው ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ በረዶ የጋገረ ወይም በበጋ ውኃ ሲፈስበት እንደ በረዶ የሚያሙለጨልጭ ወለል ያለው። መጀመሪያ በሰዓት በ30 ኪሎ ሜትር ሂድና ፍሬን ርገጥ ይሉሃል፤ መኪናው ከተተከለው የፕላስቲክ ምልክት ቀድሞ ይቆማል። ቀጥሎ በ50 ይሉሃል። አሁን ምልክቱን ገጭተህ፣ አልፈህ፣ አሁንም እየሄድክ ነው። መሪው በእጅህ ነው፣ ፍሬኑ በእግርህ ነው፣ መኪናው ግን የአንተ አይደለም። አሠልጣኛችን ጠና ያሉ ሴት ነበሩ፤ ሁላችንም ተራ በተራ ምልክቱን ስንጥስ ፈገግ እያሉ ያዩናል። ለካ የፈለጉት ያንን ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘበት ጀምሮ በደረቅ አስፋልት 14 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ከ30 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ውኃ ባዘለ ለስላሳ በረዶ ላይ ወደ 100 ሜትር ይጠጋል፤ አንድ ሙሉ የኳስ ሜዳ ማለት ነው። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ በረዶ ከባዱ ብርድ ጊዜ ይሻላል። በጣም የሚያሙለጨልጨው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ፣ ላዩ ሊቀልጥ ሲያቃጣው ነው። ስለዚህ ብርዱ ቀለል አለ ብሎ ደስ ያለው ሰው ነው ቶሎ ጉድጓድ የሚገባው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በእኛ ቋንቋ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውም፣ እንደ ጥጥ የሚረግፈውም፣ ውኃ የሚጋገረውም ሁሉ «በረዶ» ነው። አመዳይና ውርጭ የሚሉ ቃላት አሉን፤ የሚጠቀምባቸው ደገኛና የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። እንግዲህ አዲስ የመጣ ሐበሻ «መንገዱ ላይ በረዶ አለ» ሲባል ነጩን ነገር ይፈልጋል። የሚገድለው ግን ነጩ አይደለም። አስፋልቱን መስሎ እንደ ብርጭቆ በስሱ የተጋገረው፣ ዓይን የማያየው ነው። እሱም ቀድሞ የሚጋገረው ድልድይ ላይ ነው፤ ድልድይ ከሥሩም ነፋስ ይመታዋልና።

ወደ ሥልጠናው ልመለስ። ያስተማሩኝን አንድ በአንድ ስሰማ ጋሼ ከመቃብር ተነሥተው ስዊድንኛ የሚናገሩ መሰለኝ። በዝግታ ጀምር፤ ጎማው ከተሽከረከረ በሁለተኛ ማርሽ ተነሣ። ከፊትህ ካለው መኪና ራቅ፣ አሁንም ራቅ። ፍጥነትህን ጥምዝምዙ ሳይደርስ ጨርስ፤ መሀሉ ገብተህ ፍሬን አትንካ። የመኪናው ጭራ ከሸሸ ዓይንህን መሄድ ወደምትፈልግበት አድርግ፣ እጅህ ዓይንህን ይከተላል፤ ገደሉን ካየህ ገደል ትገባለህ። ሊማሊሞ ላይ «ገደሉን አትየው» ብለው በኩርኩም የመቱኝ ጋሼ ይህንን ከየትኛው መጽሐፍ አነበቡት? ልዩነት የለም አልልም፤ ሊማሊሞ ላይ ማርሽ በኃይል መቀነስ ያድናል፣ በረዶ ላይ ግን በድንገት ከቀነስክ ጎማው ተይዞ መኪናው ይነጠቃል። ዘመናዊው ፍሬን ደግሞ አጥብቀው ሲረግጡት ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል፤ የማያውቅ ሰው የተሰበረ መስሎት ይለቀዋል። መልቀቅ የለም፤ ረግጦ ይዞ መሪውን ማዞር ነው።

አሠልጣኟ ሲያሰናብቱን ያሉት ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እዚህ የመጣነው መንሸራተትን እንድንችልበት አይደለም፣ እንድንፈራው ነው አሉን። ምክንያትም አላቸው። ጎረቤቶቻቸው ኖርዌዮች ቀደም ሲል ወጣቶችን መንሸራተት መቆጣጠር ያሠለጥኑ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ውጤቱን ሲያጠኑት በወጣት ወንዶች ዘንድ አደጋው ብሶ ተገኘ! ምነው ቢሉ፣ ጎረምሳው «ችዬበታለሁ» ብሎ ይበርራል። ስለዚህ ትምህርቱን ለወጡት። ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1997 በፓርላማቸው «በመንገድ ላይ ማንም መሞት የለበትም» የሚል ዓላማ አጽድቀዋል፤ ሰው መሳሳቱ አይቀርም፣ መንገዱና መኪናው ስሕተቱን መቻል አለባቸው ብለው። ልብ በሉ፤ እዚያ አገር ሹፌር ሲሞት መጀመሪያ የሚጠየቀው መንገዱ ነው።

ሁሉም ሀብታም አገር እንዲህ ነው ማለቴም አይደለም። አሜሪካ ይህ የመንሸራተት ትምህርት ግዴታ የለበትም። በዋሽንግተን ታክሲ ከሚነዱት ስንቱ የእኛ ልጅ እንደሆነ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2011 ሕዝቡ ከሥራ ሊወጣ ሲል በረዶው ወርዶ ከተማው በሙሉ መንገድ ላይ ቆሞ አደረ፤ ስንቱ መኪናውን ጥሎ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። የሚኒሶታ፣ የዴንቨር፣ የቶሮንቶ፣ የካልጋሪ ወገኖቻችንም የመጀመሪያውን ክረምት የሚማሩት እርስ በርሳቸው ነው። ለእነሱ ከኔ የሚበቃው ጥቂት ነው፤ ለጎማ ገንዘብ አትሰስቱ። በስዊድን ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 የክረምት መንገድ ባለበት ሁሉ የክረምት ጎማ በሕግ ግዴታ ነው፤ በኩቤክም ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 እንዲሁ። «ባለ አራት ጎማ ነጂ ነው የገዛሁት» የሚል ወዳጅ አለኝ፤ አራት ጎማ ማስነሻ እንጂ ማቆሚያ አይሆንም። በረዶ ውስጥ ተቀብራችሁ ሞተር አስነሥታችሁ የምትሞቁ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ወርዳችሁ የጭስ ማውጫውን አጽዱ። ጭሱ ወደ ውስጥ ከተመለሰ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ እንቅልፍ መስሎ ይወስዳችኋል።

አሁን «በረዶ የሌለበት አገር የበረዶ ትምህርት ምን ያደርግለታል?» የሚል ባለሥልጣን አይጠፋም። አንደኛ ነገር፣ ማን ነው የለም ያለው? በአዱሊስ የነበረውንና ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የገለበጠውን የድንጋይ ጽሑፍ ያነበበ ሰው፣ የሰሜን ተራሮች በረዶ ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚውጥ ያኔም እንደተጻፈ ያውቃል። ዛሬ ያን ያህል አይደለም፤ ቢሆንም ከደባርቅ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ በቧሂት በኩል ወደ ጃናሞራ የሚሻገረው መንገድ ከ4000 ሜትር በላይ ይወጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ኩሬው ተጋግሮ ያድራል፣ ክረምት በረዶው ወርዶ መንገዱን ነጭ ያደርገዋል። የባሌው ሳኔቲም ከ4000 በላይ ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ገብቶ የራሱን ኮፈን ያላየ ሹፌር ስንት ነው! ሁለተኛ፣ የደምቢያ ዋልካ ከዘነበ በኋላ ከበረዶ በምን ያንሳል? ከረጅም በጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ የአስፋልቱን ዘይትና አቧራ ሲያቦካውስ?

ሕግ የለም እንዳይባል፣ ሕግስ ሞልቷል። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 600/2000 ወጣ፤ እሱን የሻረው 1074/2010 ተከተለ። ሥልጠናውም ወደ ግል ማሠልጠኛዎች ሄደ። ነገር ግን ከአገር ቤት ልጆች ጠይቄ የሚነግሩኝ አንድ ዓይነት ነው። ለጥ ያለ ሜዳ ላይ በተተከሉ ዘንጎች መሀል ወደ ኋላ መግባት፣ ዳገት በምትመስል ጉብታ ላይ አቁሞ ማስነሣት፣ ከዚያ የምልክት ጥያቄ። ጭነት የያዘ መኪና ረጅም ቁልቁለት ያወረደ ሠልጣኝ አላገኘሁም። ጉም ውስጥ የገባ አላገኘሁም። ፈቃዱን በኪሱ ይዞ የወጣው ልጅ በሳምንቱ ባለንብረቱ አይሱዙ ሰጥቶት በነሐሴ ሊማሊሞን ይወርዳል። ባለንብረቱም «ቶሎ ተመለስ» ነው የሚለው፣ ምልልሱ ነዋ ገንዘቡ! ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ ስም ያወጣው ለቀልድ ይመስላችኋል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ አብዛኛው ደግሞ መኪና ከሞላባቸው ሀብታም አገሮች ሳይሆን ከእንደኛ ዓይነቶቹ ነው።

ገንዘብ የለም የምትለዋን መልስ አውቃታለሁ። የማንሸራተቻ ሜዳ በሚሊዮን ብር ይሠራ አላልኩም። የደባርቅ፣ የጎንደር፣ የደብረ ብርሃን ሠልጣኝ ፈቃዱን ከመውሰዱ በፊት ከአንድ አሮጌ ሹፌር ጋር፣ ጭነት ባለው መኪና፣ አንድ ረጅም ቁልቁለት ይውረድ፤ ይህን በመመሪያ መጻፍ ስንት ብር ይፈጃል? ረዳት ሆነው ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ሊማሊሞን እንደ ጓሯቸው የሚያውቁ ሽማግሌ ሹፌሮች ዛሬም ደባርቅና ዛሪማ ጠላ ቤት ተቀምጠዋል። አንድም ቀን «ኑ አስተምሩ» ብሎ የጠራቸው መሥሪያ ቤት አልሰማሁም። የምስክር ወረቀት ስለሌላቸው ይሆናል።

ደግሞስ ኬላ ይጠፋናል? ለፍተሻው ኬላ፣ ለቀረጡ ኬላ፣ ለመታወቂያው ኬላ፤ የአንድ ገበሬ ጤፍ ከወረዳ ወረዳ እስኪሻገር ስንት ገመድ ይወርድለታል! ጆንያውን በብረት ዘንግ የሚወጋው ፈታሽ ጎንበስ ብሎ ቸርኬውን በመዳፉ ቢነካው፣ የጎማውን ጥርስ ቢያይ፣ ሸራው ካለቀ «ይህ መኪና አይወርድም» ቢል ማን ይከለክለዋል? በዚያው ገመድ፣ በዚያው ደመወዝ።

ቢያንስ ቢያንስ ከደባርቅ መውጫ፣ ሊማሊሞ ከመጀመሩ በፊት፣ የጭነት መኪናና አውቶቡስ ሁሉ የግድ የሚቆምበት ቦታ ይደልደል። ሹፌሩ ይውረድ፣ ጎማውን ይምታ፣ ማርሹን አስገብቶ ይሂድ። ለዚህ አንድ ግሬደር ለጥቂት ቀን፣ ፍሬን የሚያውቁ ሁለት መካኒኮች፣ ከጠላ ቤት የሚጠሩ አንድ ሽማግሌ ሹፌርና እሳቸው የሚቀመጡባት አንዲት ዱካ ይበቃሉ።